ከወታደሩ ኋላ ያለውን መኪና አትቁረጡት

አቃቂና ቃሊቲ ውስጥ የድሮ ወታደር ቤት የገባ ሰው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚያየው ነገር ከቤት ቤት አይለያይም። በወርቅማ ፍሬም የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አለ። ፊቱ ጎልቶ ወጥቷል፤ የመለዮው ቁልፍ ሳይቀር ያበራል። ከጀርባው ያለው ግን ሁሉም ሰማያዊ ሰማይ ነው፣ አለዚያም አበባ። ሰውየው ሲያርፍ ቤተሰቡ አንዲት ትንሽ የድሮ ፎቶ ይዞ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ፎቶ ቤቱ ፊቱን ብቻ ቆርጦ ያሳድገዋል፣ የቀረውን በኮምፒውተር ይጠርገዋል። ለአርባውም ለሙት ዓመቱም የሚቀርበው ይኸው ነው። ትንሿ ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሳት የለም።

ቤተሰብ በሚወደው ሰው ፊት መጽናናቱ ተገቢ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የተጠረገው ነገር ነው። ከወታደሩ ኋላ የነበረው ብዙ ጊዜ መኪና ነው። ጂፕ ይሆናል፣ ዶጅ ይሆናል፣ ጂ.ኤም.ሲ. ይሆናል፤ አንዳንዴም ታንክ። ያ መኪና ፎቶው መቼ፣ የት፣ ከየትኛው ጦር ጋር እንደተነሳ የሚናገር ምስክር ነው። ሰውየው ካረፈ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀረው ምስክር እሱ ብቻ ነው።

እኔ አቃቂ ውስጥ ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መለዋወጫ ስቀርጽ፣ የተሰበረ ጥርስ ስሞላ፣ የጠፋ ቡሎን በልኩ ሳወጣ ኖሬያለሁ። በወጣትነቴ አብረውኝ ከሠሩት መካከል ከጦር ሠራዊት ጋራዥ የመጡ መካኒኮች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የመኪና ፎቶ ሲያሳዩት ሰዎቹን ከማየቱ በፊት ቸርኬውን፣ ባሌስትራውን፣ የኮፈኑን አዘጋግ ያይ ነበር። ያንን ዓይን ከእሱ ወረስኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የአሜሪካ የጦር መኪና ያለባቸውን የድሮ ፎቶዎች መሰብሰብ ያዝኩ። ዋናውን ከባለቤቱ አልወስድም። ፊቱንም ጀርባውንም ቀድቼ፣ የማውቀውን በወረቀት ጽፌ እመልሳለሁ።

አንዲት የሠፈሬ እናት ቤት ያየኋት ፎቶ ለምለው ነገር ጥሩ ማስረጃ ናት። የመዳፍ ግማሽ የማታክል፣ ጠርዟ በዚግዛግ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። አራት ወታደሮች ጂፕ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ጀርባዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም «1943» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ቃል የለም። ልጃቸው የተማረ ሰው ነው። «አባባ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተነሱት ነው» አለኝ፤ ፎቶውን በማግስቱ ለፎቶ ቤት ሊሰጥ ነበር።

ጂፑን ላየ ሰው የልጁ ግምት ትክክል ይመስላል። የፊት ፍርግርጉ ዘጠኝ ክፍተት አለው፤ መብራቶቹም ወደ ፍርግርጉ ውስጥ ገባ ብለው ተቀምጠዋል። ይህ ዊሊስ ኤም.ቢ. ነው፣ ወይም አምሳያው ፎርድ ጂ.ፒ.ደብሊው። ሁለቱ ኩባንያዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ወደ 640,000 የሚጠጉ አምርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ኤም 38 ፍርግርጉ ሰባት ክፍተት ነው፤ መብራቱ ወደ ፊት ወጣ ብሎ በብረት መከላከያ ተሸፍኗል። ከዚያ የተከተለው ኤም 38 ኤ 1 ደግሞ ኮፈኑም ፓራፋንጎውም የተጠማዘዘ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። በእማማ ፎቶ ላይ ያለው ባለ ዘጠኙ ነው። ስለዚህ በጀርባው የተጻፈው ዓመትም መኪናውም ልጁን የሚደግፉ መሰሉ።

ነገር ግን ሟቹ አባት የጻፉት በራሳቸው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ፓራውልቱን መረመርኩ። ነጩ ቀለም ተፋፍቋል፤ እንዲያም ሆኖ «7»፣ ቀጥሎ «32»፣ ከእሱም አጠገብ እግረኛ ጦርን የምታመለክተው የላቲን ፊደል ትነበባለች። የአሜሪካ ጦር በየመኪናው ፓራውልት ላይ ክፍለ ጦሩንና ሬጅመንቱን በአንድ በኩል፣ ሻምበሉንና የመኪናውን ተራ ቁጥር በሌላው በኩል የመጻፍ ልማድ ነበረው። 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት። በኮሪያ ጦርነት የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተመደበው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ያ ሐዲድ በአቃቂ ጣቢያችን በኩል ያልፍ ነበር። ከጅቡቲ ጄኔራል ማክሬ በምትባል የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገባ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም እየተተኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረግጠዋል፤ ከ120 በላይ እዚያ ወድቀዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ጂፑ ለምን የዓለም ጦርነት ጂፕ ሆነ ለሚል ደግሞ መልሱ ጃፓን ነው። አሜሪካኖች ፓስፊክ ደሴቶች ላይ ጥለውት የነበረውን መኪና ሰብስበው ጃፓን ውስጥ በየጋራዡ እየፈቱና እየገጠሙ ነበር ኮሪያ ያሰለፉት። መኪናው የአንዱ ጦርነት ነው፣ ፎቶው የሌላው። በእኛ 1943 እና በፈረንጆቹ 1943 መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ከምናምን ነው፤ ያ ልዩነት አንድን የኮሪያ ዘማች ከታሪኩ ሊያወጣው ምንም አልቀረውም ነበር።

እማማ የነገርኳቸውን አዳምጠው «ኮሪያ መዝመቱንማ አውቃለሁ ልጄ፤ ፎቶው የዚያ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ። ልጃቸው ፎቶ ቤት መሄዱን አልተወም፤ ሙሉውን ፎቶ አስቀድቶ፣ አሳድጎ፣ ጂፑንም ጭምር ሰቀለው። ፊቱ ብቻ ተቆርጦ ቢሆን ፓራውልቱ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ያለ ፓራውልቱ ደግሞ በእጃችን የሚቀረው «1943» የሚል አሳሳች ቁጥር ነበር።

የዓመተ ምሕረቱ ጣጣ በዚህ አያበቃም። ጀርባው ላይ «1953» የሚል ፎቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የማን 1953 እንደሆነ ነው። በፈረንጆቹ 1953 ኮሪያ ላይ ተኩስ የቆመበት ዓመት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 1945። በእኛ 1953 ደግሞ የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው፣ አዲስ አበባ መንገዶች ላይ ታንክ የወጣበት። አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ጦርነት፣ ሁለት የተለያየ ሐዘን ይይዛል። ከወታደሩ ኋላ ያለው የኮሪያ ተራራ ነው ወይስ የፒያሳ ሕንፃ? መኪናው የአሜሪካ ጦር ቁጥር አለው ወይስ የእኛ ታርጋ? ይህንን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መጻፍ ሰውን ከቦታው ማፈናቀል ነው።

ከዚህ የባሰ ስህተትም ታትሞ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወታደሮች ጂፕ ከበው የቆሙበት ፎቶ «የማይጨው ዘመቻ» ተብሎ ወጥቷል። ማይጨው መጋቢት 1928 ነው። የጂፕ የመጀመሪያ ናሙና ለአሜሪካ ጦር የቀረበው ግን በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የማይጨው አርበኛ ጂፕ ቀርቶ የጂፕን ስም አልሰማም፤ ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ነው ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋር የተፋለመው። ጂፕ ስንጨምርለት ያንን ሁሉ መከራውን እናቀልልበታለን። ፎቶውን ለምናየው ሰዎች ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን በአያቶቻችን ላይ የተሠራ በደል አድርጌ ነው የማየው።

ወደራሳችን አካባቢ ልመለስ። በ1933 ዓ.ም. ከአዋሽና ከሞጆ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ በአቃቂ በኩል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ከተማዋን ከጣሊያን እጅ የያዘው መጋቢት 28 ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ከመግባታቸው ከአንድ ወር በፊት። በዚያ ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ ጦር ማርሞን ሄሪንግተን የሚባል ብረት ለበስ መኪና ያሰልፍ ነበር። ይህ መኪና ፎቶ ላይ ሲታይ ብዙ ሰው «የአሜሪካ ነው» ይላል፤ ስሙም ያሳስታል። ማርሞን ሄሪንግተን ያን ጊዜ ኢንዲያናፖሊስ የነበረ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሥራው መኪናን በአራቱም ጎማ እንዲነዳ ማድረግ ነበር። ሻሲው ግን ከካናዳ የመጣ ፎርድ ነው፤ ላሜራው የተሠራውና የተገጠመው ደቡብ አፍሪካ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያለበት ፎቶ አያቱ አልበም ውስጥ ያገኘ የአቃቂ ልጅ የነፃነትን ዓመት በእጁ ይዟል ማለት ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጦር እዚህ አልነበረም፤ አሜሪካ ራሷ ወደ ጦርነቱ ገና አልገባችም።

የአሜሪካ መኪና ሠራዊታችን ውስጥ በብዛት የታየው ከግንቦት 1945ቱ የመከላከያ ስምምነት በኋላ ነው። አሜሪካ አሥመራ ያለውን ቃኘው ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትጠቀም ተፈቀደላት፤ በምላሹ መሣሪያ፣ መኪና፣ ታንክና አሠልጣኝ መጣ። ከታንኮቹ መካከል ኤም 41 ዎከር ቡልዶግ አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ኮሪያ ላይ 8ኛውን የአሜሪካ ጦር ይመሩ በነበሩት ጄኔራል ዎልተን ዎከር ነው፤ እሳቸውም የሞቱት በታኅሣሥ 1950 እ.ኤ.አ. ጂፕ ውስጥ እንዳሉ በመኪና አደጋ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ቃኘው ጣቢያን ዘጋ፤ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችንም አስወጣ። ከዚያ ወዲያ ኦራል ነው፣ ዚል ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው መኪና ከዋሽንግተን መጣ ወይስ ከሞስኮ የሚለውን መለየት የቻለ ሰው ፎቶውን ከሁለቱ ዘመኖች በአንዱ ማስቀመጥ ይችላል። ከ1969 በኋላም የአሜሪካ መኪና በአንድ ቀን አልጠፋም፤ መለዋወጫ እየተቀረጸለት ዓመታት ሠርቷል። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲገጥመኝ የመለዮውን ዓይነትና ማዕረጉን ከመኪናው ጋር አመሳክራለሁ።

መኪኖቹ ራሳቸው ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል። ቁራሌው በኪሎ ወስዷቸዋል፤ እቶን ገብተው የግንባታ ብረት ሆነው ወጥተዋል። አንድ ጊዜ ቃሊቲ ከተከመረ ቁርጥራጭ ብረት መካከል ራሱ ላይ «ኤፍ» የምትል የላቲን ፊደል የተቀረጸችበት ቡሎን አግኝቻለሁ። ፎርድ የጂፑን ክፍሎች በዚያች ፊደል ምልክት ያደርግ ነበር። ቡሎኗ ዛሬም ቤቴ አለች። ከመኪናው የቀረው እንዲህ ከሆነ፣ ፎቶው ምን ያህል ውድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ፎቶዎቹም እያለቁ ነው። መጀመሪያ ያለቁት በደርግ ጊዜ ነው። የንጉሡን ዘመን የሚያስታውስ ነገር ቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ነበር፤ መንግሥትም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆኖ ስለነበር የኮሪያ ዘማችነት የሚኩራሩበት ነገር አልነበረም። ኒሻናቸውን የደበቁ፣ ፎቶአቸውን ያቃጠሉ ዘማቾች ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። አሁን ደግሞ የሚያልቁት በዕቃ ማጓጓዝ ነው። ነባር ሠፈር ሲነሳ፣ ቤተሰብ ከግቢ ወጥቶ ወደ ቂሊንጦ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቦታ ይጠብበታል። አልጋና ፍሪጅ ይጫናል፤ የአያት ሳጥን ይቀራል። ሳጥኑን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ልጅ ሳይሆን ቁራሌው ነው፤ እሱም ብረቱን ይፈልጋል እንጂ ወረቀቱን አይፈልግም።

«ሰዎቹ እያሉ ስለ አሜሪካ ብረት መጨነቅ ምን ይሉታል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ ስለሚመጣ በቅንነት እመልሳለሁ። እኔ ጂፕን የማጠናው ወታደሩን ለማግኘት ነው። ፊት ያረጃል፣ ይመሳሰላል፤ የሁለት ወንድማማቾች ፊት እናትን ሳይቀር ያሳስታል። የፍርግርግ ክፍተት ግን ይቆጠራል። የፓራውልት ቁጥር በማኅደር ከተቀመጠ ሰነድ ጋር ይመሳከራል። ስም የሌለውን ወታደር በስሙ ወደ ሻለቃው የሚመልሰው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው።

ለማመሳከር የሚሆን ነገር ደግሞ አለ። የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ኮሪያ ላይ ያነሷቸው ፎቶዎች ሜሪላንድ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ ኢትዮጵያውያኑም አሉባቸው። እነዚያ ፎቶዎች የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ የቅጂ መብት አይከለክላቸውም፤ ማንም ሰው ቀድቶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። እዚህ አገርም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ የድሮ ፎቶ ይዟል፤ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን ሥራ የጀመሩት ወጣቶች የቤተሰብ ፎቶዎችን ከየአልበሙ እየለመኑ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ይህም ሕዝቡ ከተጠየቀ እንደሚሰጥ አሳይቷል። የጎደለው የዳር ሠፈሮች ድርሻ ነው። ከአቃቂ ስድስት ኪሎ ድረስ የአባቱን ፎቶ በፌስታል ይዞ የሚሄድ ጡረተኛ የለም። ተቋሙ ነው ወደ እሱ መምጣት ያለበት።

ከክፍለ ከተማችን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በየወረዳው በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ስካነርና አንድ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ጽሑፍ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች። ቤተሰቡ ፎቶውን ያመጣል፤ ፊቱም ጀርባውም ይቀዳል፤ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ይጻፋል፤ ዋናውን ይዞ ይመለሳል። ከወመዘክር አንድ ባለሙያ ቢታከልበት ሥራው ዘላቂ ይሆናል። መኪናውን በመለየት በኩል እኔም፣ በአካባቢው ያሉ የድሮ መካኒኮችም በነፃ ለማገልገል ዝግጁ ነን።

ለቤተሰብ ደግሞ የምለው ይህ ነው። ፎቶው አልበም ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትገንጥሉት፤ እንዳለ አስቀዱት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ስሙንና ዓመቱን ጻፉ። ዓመቱን ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም ካለ፣ የጃፓን ፊደልም ቢሆን፣ እሱም ይቀዳ። ደብዝዟል ብላችሁ አትጥረጉት።

ፎቶ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አደራ። ደንበኛው ፊቱን ብቻ ካለ ፊቱን ሥሩለት፤ ከዚያ በፊት ግን ሙሉውን ፎቶ ከነጀርባው በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጉና በፍላሽ ስጡት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የኮሪያ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ካሉ በዚህ ሳምንት አልበሙን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከእሳቸው ጋር የቆሙትን ሰዎች ስም በሙሉ፣ ከኋላቸው ያለችውን መኪናም ማን ይነዳት እንደነበር ጠይቋቸው።